ያውቁ ኖሯል? ወተት፣ ሕፃንና የጾም ኬክ

ልደታ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለው ሰንጋ ተራ ዛሬ ሰንጋ አይታይበትም፤ ፎቅ በፎቅ ነው። ወተቱም ከጎረቤት ላም መምጣቱ ቀርቶ ከሱቅ በግማሽ ሊትር ላስቲክ ይገዛል። «ወተት አልስማማው አለ» የሚለው የእናቶች ስሞታ ግን ከከብቶቹ ጋር አልሄደም።

ይህ አንድ አባባል የማይገናኙ ሁለት ነገሮችን እንደሚሸፍን ያውቁ ኖሯል? አንዱ የወተቱ ስኳር፣ ላክቶስ፣ አለመፈጨት ነው፤ ሆድ ይነፋል፣ ያስቀምጣል፣ ያልፋል። ሌላው አለርጂ ነው፤ የሰውነት መከላከያ የወተቱን ፕሮቲን እንደ ጠላት ይቆጥረዋል። አለርጂ ያለበት ልጅ ቆዳው ሳማ እንደለበለበው ሊያብጥ፣ ሊያስመልሰው፣ ሲብስም ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። ትንፋሽ ካጠረው «እስኪ ይደር» አይባልም፤ ለሰፈራችን ባልቻ ሆስፒታልም ጥቁር አንበሳም ቅርብ ናቸው።

ፕሮቲኑን በዓይንዎ ማየት ከፈለጉ ማጀት ይግቡ። አሬራው ተጥዶ ሲሞቅ የሚረጋው አይብ በአብዛኛው ኬዚን ነው። ወደ አጓቱ የሚያመራው ሌላው ወገን ሲሆን ዋናው ቤታ ላክቶግሎቡሊን ይባላል፤ የሰው እናት ይህን ፕሮቲን ጨርሶ አትሠራውም። አለርጂው ለአንዱ ወይም ለሁለቱም ሊሆን ይችላል።

የጡት ወተት ከላም ወተት የበለጠ ላክቶስ እንዳለውስ? በ100 ሚሊ ሊትር 7 ግራም ገደማ ነው፤ የላሙ 5 ግራም አይሞላም። ጡት እየጠባ ደህና ያደገ የስድስት ወር ልጅ «ላክቶስ ስለማይስማማው ነው» ከተባለ ደግመው ይጠይቁ። ከልደቱ ጀምሮ ላክቶስ የማይፈጭ ሕፃን እጅግ ብርቅ ነው፤ በተለይ የሚታወቀው በፊንላንድ ነው።

ተቅማጥ ግን ለጊዜው ያመጣዋል። ላክቶስን የሚፈጨው ላክቴዝ የሚገኘው በአንጀት ውስጠኛ ገጽ ላይ ነው፤ ገጹ ሲጎዳ እሱም ይጎድላል። አንጀቱ ሲያገግም ይመለሳል። ጡት አይቋረጥም። ከጥፋተኞቹ አንዱ ሮታ ቫይረስ ነው፤ ክትባቱ በአገራችን መደበኛ ክትባት ውስጥ የገባው በ2006 ዓ.ም. ነው።

አዋቂ ሆኖም ላክቶስ እየፈጩ ወተት መጠጣት መቻልስ ከየት መጣ? በአውሮፓ ይህን ችሎታ ያመጣው በዋናነት አንድ የዘር ለውጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ፣ ከ350 በላይ ኢትዮጵያውያንን የመረመረ ጥናት ግን እኛ ዘንድ ብዙ ዓይነት ለውጦች ጎን ለጎን እንዳሉ አሳይቷል። ከብት አርቢው ብዙ፣ መንገዱም ብዙ።

ልጅ ሲያስመልሰው «እንጥሉ ወርዶ ነው»፣ ሲያስቀምጠው «ጥርሱ ነው» ይባላል። እንጥል ማስቆረጥም ሆነ ድድ ቆፍሮ ጥርስ ማስነቀል ወተትን ከሆድ ጋር አያስታርቅም፤ ትርፉ ቁስልና ደም መፍሰስ ነው።

«የፍየል ስጪው» የሚል ጎረቤትም አይጠፋም። የፍየል ወተት ፕሮቲን ከላሙ ጋር በጣም ስለሚመሳሰል ለላም ወተት አለርጂ ካላቸው አሥር ልጆች ዘጠኙን ያህል አይምራቸውም። የግመል ወተት ቤታ ላክቶግሎቡሊን የለውም፤ እሱም ቢሆን ያለ ሐኪም የሚሞከር አይደለም።

ማፍላት? ጀርሙን ይገድላል፣ ይፈላ። አለርጂውን ግን አያጠፋም። እርጎ ደግሞ ላክቶሱ ስለሚቀንስ ለስኳሩ ችግር ይሻላል፤ ፕሮቲኑ ግን እዚያው አለ።

ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅም እናቱ ለበላችው ወተት ምላሽ ሊሰጥ እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? እኔ አላውቅም ነበር። የእህቴ ልጅ ሁለት ወር ሲሞላው ዳይፐሩ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ደም የተቀላቀለበት ንፍጥ ታየ። ልጁ ይስቃል፣ ይጠባል፣ ኪሎ ይጨምራል። ሐኪሙ ለሁለት እስከ አራት ሳምንት ወተት፣ ቅቤና አይብ እንድትተው ነገራት። «ሁዳዴን ጹሚ ነው የሚሉኝ?» አለች፤ ለነገሩ ሁዳዴ ገብቶ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ዳይፐሩ ጠራ። የፋሲካ ለት እናታችን ቅቤ የጠጣ ዶሮ ወጥ አቀረበች፣ እህቴም አልቻለችም፣ በላች። በማግስቱ ማታ ክሩ ተመለሰ። ሐኪሙ «ፈተናውን ራስሽ ጨረስሽው» ብሎ ሳቀ። አውቆ መመለስና ማየት የምርመራው አካል ነው፤ በሐኪም ፈቃድ መሆኑ ነው እንጂ።

ጾማችን ለእንዲህ ያለች እናት የተዘጋጀ ገበታ መሆኑን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። በያይነቱ፣ ሽሮ በዘይት፣ የጾም ኬክ፣ በአኩሪ አተር ወተት የሚሠራ የጾም ማኪያቶ፤ ሁሉም አለ። ካልሲየሙን ጤፍና ጎመን ያግዛሉ። ከባድ አለርጂ ላለበት ልጅ ግን «የጾም» የሚለው ቃል ዋስትና አይሆንም፤ የወተቱም የጾሙም ማኪያቶ በአንድ ጀበና መሰል ብረት ሲሞቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ለጡጦ ደግሞ የካፌው የአኩሪ አተር ወተት የሕፃን ወተት አይደለም።

በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጠው ፕላምፒናት የወተት ዱቄት እንዳለበትስ? አለርጂ ያለበት ልጅ እናት ለጤና ባለሙያው አስቀድማ ትናገር።

አብዛኞቹ ልጆች ትምህርት ቤት እስኪገቡ ድረስ አለርጂው ይለቃቸዋል። እህቴን ያስጨነቃት ግን ከፋሲካ በኋላ ያለው ጊዜ ነበር፤ በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ስለማይጾም የጾም ኬክ ከመደርደሪያው ይጠፋል። ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ስለሚውል ግንቦት 1፣ ልደታ፣ ሁልጊዜ እዚያ ሃምሳ ቀን ውስጥ ይወድቃል። ያን ቀን ደጅ ላይ ከተሰጣው ሳር ዳር ቁጭ ብላ፣ ልጇን እያጠባች፣ ማንንም ሳትጠይቅ የዘገነችው ንፍሮ ነበር።