በእጅ ስልክ ውስጥ ያለው ዋሻ

ከአዲስ አበባ ወደ ናዝሬት፣ ዛሬ አዳማ በሚለው በቀድሞ ስሟ ወደምትጠራው ከተማ፣ የሚጓዝ መንገደኛ ሞጆ ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈልበታል፤ አንደኛው ወደ አዳማና ወደ ምሥራቅ ይቀጥላል፣ ሁለተኛው በመቂ፣ በባቱ፣ በአርሲ ነገሌና በሻሸመኔ አድርጎ ወደ ደቡብ ይወርዳል። በዚያው በሞጆ ካለው ደረቅ ወደብ ደጃፍ ከጅቡቲ ኮንቴይነር ጭነው የመጡ ከባድ መኪናዎች ተራቸውን ሲጠብቁ ይውላሉ፣ አንዳንድ ጊዜም ያድራሉ፤ ሹፌሩ በጋቢናው ውስጥ ጋደም ሲል ረዳቱ ከተሳቢው ጥላ ሥር ተቀምጦ በስልኩ ላይ አቀርቅሮ ይታያል። አላፊ አግዳሚው ቲክቶክ የሚያይ ይመስለዋል፤ ጠጋ ብሎ ለተመለከተው ግን በስልኩ ላይ የሚዘፍንም የሚጨፍርም የለም። በግራጫ ድንጋይ የታነጸ አንድ ጠባብ ክፍል፣ በመካከሉ ከጣት ጥፍር የሚያንስ ሰይፍ የታጠቀ ሰው፣ በበሩ አፍ ላይ ደግሞ አንዲት ትልቅ አይጥ አለች፤ ወጣቱም አውራ ጣቱን ከመስታወቱ በላይ አንሥቶ፣ ሳይነካ፣ ያስባል።

ይህ ዋሻ የመውረድ ጨዋታ ነው። አንድ ጀግና ብቻውን ወደ ምድር ውስጥ ይገባል፤ ከክፍል ወደ ክፍል እያለፈ፣ አውሬ እየተዋጋ፣ ወድቆ ያገኘውን መሣሪያና መድኃኒት እየለቀመ፣ ደረጃውን ባገኘ ጊዜ ወደ ታችኛው ፎቅ ይወርዳል፤ በመጨረሻው ጥልቀት የተሠወረውን ክታብ ከጨበጠ ድል አደረገ፣ በመንገድ ከወደቀ ግን የለቀመው ከሞላ ጎደል ሁሉ ከእርሱ ጋር ይጠፋል፤ ቀጣዩም ጀግና ከመጀመሪያው ፎቅ ባዶውን ይነሣል። መሬቱ በካሬ የተከፈለ ስለሆነ በአንድ ንክኪ አንድ እርምጃ ይራመዳል፤ እርሱ ሲራመድ አውሬውም ይራመዳል፣ እርሱ ሲቆም ግን ያ ዓለም ሁሉ፣ ለመንከስ አፉን የከፈተው እባብ ሳይቀር፣ ባለበት ጸንቶ ይጠብቀዋል። ስለዚህም በውጊያው መካከል «ተራችን ደረሰ፣ ተነሥ!» የተባለ ረዳት ስልኩን ከኪሱ ከትቶ፣ ጭነቱን አራግፎ፣ ማታ ሲመለስ እባቡን አፉን እንደከፈተ ያገኘዋል፤ በሥራ መካከል በቁርጥራጭ ጊዜ ለሚጫወት ሰው ከዚህ የበለጠ ትሕትና ያለው ጨዋታ አላውቅም።

ዋሻውን የሠራው ሰው የለም ቢባልም ሐሰት አይሆንም፤ ሠሪው የደነገገው የግንቡን ሕግ እንጂ ግንቡን አይደለምና። ፕሮግራሙ በዚያ ሕግ እየተመራ ጨዋታው በተጀመረ ቁጥር ክፍሎቹን፣ መተላለፊያዎቹን፣ ወጥመዶቹንና ሀብቱን በዕጣ አዲስ አድርጎ ያደላድላል፤ ትናንት ደረጃው በነበረበት ቦታ ዛሬ ግድግዳ ይሆናል፣ ትናንት ያዳነው ብልቃጥ ዛሬ መርዝ ሊሆን ይችላል። መንገዱን በቃል አጥንቶ ማሸነፍ ስለማይቻል፣ ለተጫዋቹ የሚቀርለት ዕውቀት የነገሮችን ጠባይ ማወቅ ብቻ ነው።

የዚህ ጨዋታ ጥንተ ነገር የእጅ ስልክ ገና ለገበያ ባልዋለበት ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን በወረቀት፣ በእርሳስና በዳይስ የሚጫወቱትን፣ ተጫዋቾች ራሳቸውን ጀግና አድርገው በቃል ወደ ዋሻ የሚወርዱበትን ዱንጅንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለ ጨዋታ አሳተሙ፤ ይህም በየዩኒቨርሲቲው የኮምፒዩተር ተማሪዎችን ልብ ማረከ። በ1980 ገደማ ማይክል ቶይና ግሌን ዊችማን የተባሉ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በኋላም ከበርክሊ ኬን አርኖልድ ተጨምሮ፣ ሮግ የተባለውን ጨዋታ ሠሩ። ሐሳባቸው አንድ ነበር፤ የጀብዱ ጨዋታ የሚጽፍ ሰው ምሥጢሩን ሁሉ አስቀድሞ ስለሚያውቅ በገዛ ሥራው ሊደሰት አይችልምና፣ ዋሻውን ኮምፒዩተሩ ቢሠራው ደራሲውም እንደማንኛውም እንግዳ ሊደነቅ ይችላል የሚል ነው። ሥዕል የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ግድግዳው በአግዳሚና በቋሚ ሰረዝ ይቆማል፣ ጀግናው በኢሜይል አድራሻ መካከል የሚገባው ክብ ምልክት ነው፣ አውሬዎቹም 26ቱ ትልልቅ የላቲን ፊደላት ናቸው። ክታቡም በ26ኛው ፎቅ ይገኛል። ሮግ በበርክሊ ከተዘጋጀው የዩኒክስ ሥርዓት ጋር ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተዛመተ፤ ከእርሱ የተወለዱት ብዙ ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ኔትሃክ እስከ ዛሬ ድረስ የሚጫወተው አላጣም።

የረዳቱ ስልክ ላይ ያለው ከዚህ ትውልድ የመጣ ፒክስል ዳንጀን የሚባለው ነው። ዋታቡ በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ሩሲያዊው ኦሌግ ዶልያ እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ለአንድሮይድ ስልኮች አወጣው፤ ከሁለት ዓመት በኋላም የፕሮግራሙን ምንጭ ማንም ሰው እንዲያነበውና እንዲለውጠው በነጻ ፈቃድ ሲለቀው፣ ኤቫን ዴበንሃም የተባለ ሌላ ሠሪ ከዚያው ተነሥቶ ሻተርድ ፒክስል ዳንጀን የተባለውን አዘጋጅቶ ዛሬም ያሳድገዋል። ዋሻው አምስት ግዛት አለው፤ ከከተማ ፍሳሽ ማስወገጃ ይጀምርና በወህኒ ቤት፣ በዋሻዎች፣ በድንኮች ከተማ አልፎ ወደ አጋንንት አዳራሽ ይወርዳል፣ በየአምስቱ ፎቅ መጨረሻ አንድ አለቃ መንገዱን ዘግቶ ይቆማል። ሠሪውም ሮግን አስታውሶ የጥንቱን ክታብ በዚያው በ26ኛው ፎቅ አኑሮታል፤ ይህም ለቀደምት አበው የተደረገ አክብሮት ነው።

ውበቱ የሚታወቀው ግን ከአንድ ቅጽበት አጠገብ ቆሞ ሲያዩት ነው። ጀግናው በ4ኛው ፎቅ ላይ ነው እንበል፤ ከ30 የሕይወት ነጥቡ 6 ብቻ ቀርቶታል፣ ከኮሪደሩ ጫፍ አንድ ሸርጣን እየመጣበት ነው። ሸርጣን ከሰው በእጥፍ ስለሚፈጥን መሸሽ አያድንም። በከረጢቱ ምን እንደሆነ ያልታወቀ አንድ ሰማያዊ ብልቃጥ አለ፤ ቢጠጣው ምናልባት ፈዋሽ መድኃኒት ይሆናል፣ ምናልባትም እሳት ሆኖ በእጁ ይፈነዳል። ወደ ሸርጣኑ ቢወረውረው፣ እሳት ከሆነ አውሬውን ያቃጥላል፣ ፈዋሽ ከሆነ ግን ብቸኛውን መዳኛ በከንቱ አፈሰሰ ማለት ነው፤ እንደገናም ጀግናው የቆመው ከረዥም ሣር መካከል ስለሆነ፣ እሳቱ ሣሩን ተከትሎ ወደ ራሱ ሊመለስ ይችላል። ሦስተኛም ምርጫ አለ፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ከበሩ ማዶ ጎን መቆም። በሩን አልፎ የሚገባ አውሬ ከጎን የቆመውን ሰው አያየውምና የመጀመሪያው ምት አይስትም። ሸርጣኑ ግን ከእነዚያ ሁለት እርምጃዎች በፊት ይደርስ ይሆን? ወጣቱ ጣቱን አንሥቶ የሚያስበው ይህንኑ ነው፤ ካሬዎቹን ይቈጥራል፣ ሣሩን ያያል፣ ብልቃጡን ያያል፤ ሸርጣኑም ይጠብቀዋል።

በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ የተሣለው ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ ድሉ አብሮ ስለተሣለ የሚያየው ሁሉ አይሠጋም፤ ይህ የስልክ ጀግና ግን እንዲህ ያለ ዋስትና የለውም፣ ሞቱም ሞት ነው። ይህ ጭካኔ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን የጨዋታው ክብር ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ይመስለኛል። የወደቀው ሁሉ ወዲያው የሚነሣበት ጨዋታ የተጫዋቹን ፍርድ ዋጋ ያሳጣዋል፤ እዚህ ግን አንዲት እርምጃ ስለምትከብድ ኅሊና ሳይባክን በአንድ ነገር ላይ ይጸናል። ሠሪውም ለሞተው መታሰቢያ አላሳጣውም፤ አዲሱ ጀግና የቀደመው ወደወደቀበት ፎቅ ሲደርስ አንዳንድ ጊዜ የአጽም ክምር ያገኛል፣ በውስጡም ያ ሟች ይዞት የነበረ አንድ ዕቃ ይተርፈዋል። በአዳማ አንድ የማውቀው ተማሪ በዚህ መንገድ የራሱን የቀድሞ ሰይፍ ባገኘ ጊዜ ለጓደኞቹ ዘመድ እንዳገኘ ሰው ሲያወራ ሰምቼዋለሁ።

እንዲህ ያለው ጨዋታ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሚስማማበት ምክንያት ብዙ ነው። አንድ ጊዜ ስልክ ላይ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ ጥቅል ያለቀበት ሰው፣ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት የሻሸመኔ መንገድ ላይ ያለ መንገደኛ፣ መብራት ሲጠፋ በጨለማ የተቀመጠ ተማሪ፣ ሁሉም እኩል ይጫወቱታል። ፋይሉ ትንሽ ስለሆነ ሚሞሪው የሞላ አሮጌ ስልክም አይመልሰውም። የሚተላለፈውም ባብዛኛው ከእጅ ወደ እጅ ነው፤ በአዳማ መናኸሪያ ታክሲው እስኪሞላ ሁለት ወጣቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ «ምንድን ነው እሱ? በዜንደር ላክልኝማ» ብሎ በፋይል ማሻገሪያው መተግበሪያ እንዲልክለት ሲጠይቅ፣ ሌላው «ኤፒኬው አለኝ፣ ክፈተው» ብሎ የጨዋታውን መጫኛ ፋይል በደቂቃ ያሻግርለታል፤ የታክሲው ረዳት «ሞልቷል!» ሲል ጨዋታው በሁለቱም ስልክ ላይ ሆኖ ጉዞ ይጀመራል። በውስጡ ያለው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ቢሆን እንኳ ብዙ አያግድም፤ ቤቱ ኦሮምኛ፣ ገበያው አማርኛ የሆነ ልጅ የብልቃጡን ቀለም፣ የአይጧን ቅርጽ፣ የቀዩን የሕይወት መስመር ማጠር አይቶ ሁሉን ይረዳል፣ ያልገባውንም ከሞቱ ይማራል።

በዚህ አንጻር ሊነገር የሚገባው ሌላ ነገር አለ። በእነዚሁ ከተሞች መንገድ ዳር የስፖርት ውርርድ ቤቶች በርክተዋል፤ ወጣቱ ቲኬት ቆርጦ በማያውቀው አገር ሜዳ ላይ በሚሆነው ነገር የዕለት ገንዘቡን ያስይዛል። ሁለቱም፣ ዋሻውም ውርርዱም፣ በዕጣ የቆሙ ናቸውና አንድ የሚያደርጓቸው ሰዎች አሉ፤ ልዩነታቸው ግን የሰማይና የምድር ነው። በውርርዱ ቲኬቱ ከተቆረጠ በኋላ ሰው የሚያደርገው ነገር የለም፣ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ በዋሻው ግን የሰው ሥራ የሚጀምረው ዕጣው ከወደቀ በኋላ ነው፣ የተሰጠው ክፉ ብልቃጥና የዛገ ሰይፍ ቢሆንም በእርሱ ምን እንደሚሠራበት የሚወስነው ራሱ ነው። የጠፋውም ነገር ጊዜ ነው እንጂ ለእናት ሊላክ የነበረ ብር አይደለም። ጊዜም ቢሆን እንደ ዋዛ አይታይም፤ ለፈተና የሚያጠና ልጅ «አንድ ፎቅ ብቻ» እያለ ሌሊቱን ሊያነጋው ይችላል፣ ወላጅ ይህን አይቶ ቢቈጣ አይፈረድበትም።

የሥዕሉ ድህነት የሚባለውም እንደ ጉድለት ሊቈጠር አይገባውም። ጥቂት ቀለም ያላቸው ነጠብጣቦች አይጥ መሆናቸውን የሚፈጽመው የተመልካቹ ኅሊና ነው፤ ያየውን ራሱ ስለፈጸመውም ይፈራዋል። ብዙ ሀብት ፈስሶባቸው የተሠሩ ጨዋታዎች ሁሉን አሳይተው ለአእምሮ ምንም ሳይተዉለት ሲቀሩ፣ ይህ ትንሽ ዋሻ ግማሹን ለሰው ይተዋል።

አገራችንም በዚህ ሥራ ባዶ አይደለችም። ቅኔ ጌምስ የተባለው የኢትዮጵያ ድርጅት ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበትን ኩኩሉን፣ ቀጥሎም የአያቶቻችንን ገበጣ ለእጅ ስልክ አዘጋጅቷል። በእኛ ምድር የሚወርዱበት ዋሻ ግን ገና አላየሁም፤ ለዚህ ደግሞ አርአያ የሚሆን ቦታ ሞልቷል። ከእነዚሁ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ተነሥቶ ወደ ባሌ የሚወጣ ሰው ዌይብ ወንዝ ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፍበትን ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን የሶፍ ዑመርን ዋሻ ያገኛል፤ አዕማዱና አዳራሹ ተፈጥሮ ያነጸው ነው፣ ሼክ ሶፍ ዑመርም የጸሎት ቦታ አድርገውት ስለነበር በስማቸው ይጠራል። የእንዲህ ያለው ጨዋታ የመጀመሪያው ግዛት ጅብና የሌሊት ወፍ የሚውሉበት የዋሻ አፍ፣ ሁለተኛው የወንዙ መሹለኪያ፣ ሦስተኛው ፍል ውሃ የሚፈላበት፣ ባልጩት የሚሳልበት የእሳተ ገሞራ ዋሻ ሊሆን ይችላል፤ ብልቃጡ በጠበል ጠርሙስና ባህል ሐኪም በቀመመው ሥር ይተካል፣ ስንቁም ዳቦ ቆሎ ይሆናል። የፒክስል ዳንጀን ምንጭ በጃቫ ቋንቋ ተጽፎ ለሁሉ ክፍት ሆኖ ስለተቀመጠ፣ በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራም መጻፍ የሚማር ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ አይጧን አንሥቶ በቦታዋ ጅብ ቢያስገባ፣ ጥሩ ጅማሬ ይሆንለታል።