ሰርቨር-አልባ አሠራር፦ ውጤት በሚገለጽበት ሰዓት

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በሚገለጽበት ዕለት በኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ፣ በሃላሌ ከተማ ያለች ተማሪ፣ በሶዶ ያለው ጓደኛዋና በአዲስ አበባ ያለ አንድ የማታውቀው ተፈታኝ በተመሳሳይ ሰዓት ስልካቸውን ያነሳሉ። በ2015 ዓ.ም. ለፈተናው የተቀመጡት ወደ 845 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ነበሩ። ይህን ሁሉ ጠያቂ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግድ ፕሮግራም እንዴት ይሠራል? በዚህ ጽሑፍ አንድ የውጤት መጠየቂያ ፕሮግራም በሐሳብ እየገነባን፣ ሰርቨር-አልባ የሚባለውን የክላውድ አሠራር ለማስረዳት እንሞክራለን።

ስሙ ምን ማለት ነው?

ሰርቨር-አልባ ሲባል ሰርቨር የለም ማለት አይደለም። ሰርቨሩን የሚገዛው፣ የሚያበራውና የሚጠግነው ሌላ አካል ነው ማለት ነው። በወላይታና በዳውሮ መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ የተገነባው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው ጊቤ ሦስት በድምሩ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው 10 ተርባይኖች አሉት። አምፖል የሚያበራ ሰው ግን ኃይሉ ከየትኛው ተርባይን እንደመጣ አይጠይቅም፤ ቆጣሪው ላነበበው ብቻ ይከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ የሆነው የአማዞን ላምዳ አገልግሎትም በዚሁ መርህ ይሠራል። ጥያቄ ሲመጣ የጻፍነው ኮድ ይነሣል፣ መልስ ይሰጣል፣ ሥራ ሲያጣም ይከስማል። የሚከፈለው ለጥሪው ብዛት፣ እንዲሁም ለፈጀው ጊዜና ለያዘው ማኅደረ ትውስታ ነው።

ፕሮግራሙን ማሰማራት

በመጀመሪያ መለያ ቁጥር ተቀብሎ ውጤት የሚመልስ አጭር ኮድ እንጽፋለን። ቀጥሎም ኮዱ፣ የመረጃ ቋቱና የጥያቄ መግቢያው እንዴት እንደሚገናኙ በአንድ ፋይል እናሰፍራለን፤ ክላውዱ ፋይሉን አንብቦ ሁሉንም ራሱ ያዘጋጃል። ለኮዱ የሚሰጠው ፈቃድ ውጤት ማንበብ ብቻ ይሁን፤ መለወጥ የሚችል ከሆነ ትንሽ ስህተት የሰው ዕድል ታበላሻለች። በመጨረሻም አዲሱን ኮድ በቅድሚያ ለጠያቂዎች አንድ አሥረኛ ብቻ ከፍተን፣ ጤንነቱ ሲረጋገጥ ለሁሉም እንለቃለን።

ስንት ቅጂ ያስፈልጋል?

እ.ኤ.አ. በ1961 ጆን ሊትል ያረጋገጠው ሕግ እዚህ ላይ ይጠቅመናል፦ በአንድ ቅጽበት በሥራ ላይ ያሉ ጥያቄዎች ብዛት በሰከንድ ከሚመጡት ጥያቄዎችና እያንዳንዱ ከሚፈጀው ጊዜ ብዜት ጋር እኩል ነው። 845 ሺህ ጥያቄ በአንድ ሰዓት ውስጥ በእኩል ፍጥነት ቢመጣ በሰከንድ 235 ገደማ ይሆናል። እያንዳንዱ 0.2 ሰከንድ ቢወስድ በአንድ ጊዜ የሚሠሩት ቅጂዎች 47 ብቻ ናቸው።

የመረጃ ቋቱ ቢዘገይና መልሱ 4 ሰከንድ ቢወስድስ? ቁጥሩ ወደ 940 ያሻቅባል። በላምዳ የተለመደው የመነሻ ጣሪያ በአንድ ጊዜ 1,000 ነው፤ ለአዲስ ደንበኛ ከዚህ ሊያንስ፣ በጥያቄም ሊጨምር ይችላል። መልስ የዘገየበት ተማሪ ደግሞ ደጋግሞ መሞከሩ አይቀርም። በዚህ ምክንያት ጥያቄው በአንድ አሥረኛ ቢጨምር 1,034 ይደርሳል፤ ጣሪያው ይታለፋል፣ ትርፉም ይመለሳል። ጠያቂው ሳይበዛ መዘግየት ብቻውን በር ሊዘጋ ይችላል ማለት ነው።

ክትትል

ስለዚህ ፕሮግራሙን አሰማርቶ መተው አይቻልም። አራት ቁጥሮችን ዘወትር እንከታተላለን፦ የጥሪ ብዛት፣ የስህተት ብዛት፣ የፈጀው ጊዜና በጣሪያው ምክንያት የተመለሱ ጥያቄዎች። በፈጀው ጊዜ ረገድ አማካይ ብቻውን ያታልላል። ከ100 ጥያቄዎች 95ቱ በ0.2፣ 5ቱ በ4 ሰከንድ ቢመለሱ አማካዩ 0.39 ሰከንድ ነው። ቁጥሩ መልካም ይመስላል፤ ከአምስቱ አንዷ የሃላሌዋ ተማሪ ብትሆን ግን ለእርሷ አራት ሰከንድ ነው። በመሆኑም የዘገዩትን ለይቶ የሚያሳይ መለኪያ እንይዛለን፣ ወሰን ሲያልፍ መልእክት የሚልክ ማስጠንቀቂያም እናዘጋጃለን። ኮዱ ለብዙ ጊዜ ሳይጠራ ቆይቶ ሲነሣ የመጀመሪያው መልስ እንደሚዘገይም ማስታወስ ያሻል።

አንዳንዱን መዘግየት ግን ማንም ሊያስቀረው አይችልም። የአማዞን የኬፕታውን ማዕከል የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ከወላይታ ሶዶ እስከዚያ በቀጥታ መስመር 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ደርሶ መልሱ ቢያንስ 0.05 ሰከንድ ይፈጃል። ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ ከዚህ በላይ ያለው ጊዜ ግን የእኛ ሥራ ውጤት ነው።

አንባቢያን ይህን ይሞክሩ፦ ሁሉም ተማሪዎች በአንድ ሰዓት ሳይሆን በ10 ደቂቃ ውስጥ ቢጠይቁና እያንዳንዱ መልስ 1 ሰከንድ ቢወስድ፣ 1,000ው ጣሪያ ይበቃል?