የነቀምቴን ሰው የማያውቅ የሙከራ ዳታ

ብሔራዊ ባንክ ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ ፋይዳ የተባለውን ብሔራዊ መታወቂያ ለባንክ ሂሳብ በየደረጃው ግዴታ ማድረግ ከጀመረ ወዲህ፣ በወለጋ ከተሞች፣ በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎና በሻምቡ ቅርንጫፎች የሚሠራው ሥራ ተለውጧል። ባለሙያው የፋይዳ ቁጥሩን ያስገባል፣ የባንኩ ሥርዓት የፋይዳን ሥርዓት በኤፒአይ ይጠይቃል፣ መልሱም ወዲያው ይመለሳል። በግንቦት 2013 የተጀመረው ቴሌብርም ሆነ በነሐሴ 2015 የተከተለው ኤም-ፔሳ የሚሠሩት በኤፒአይ ነው። እነዚህ ሥርዓቶች በተሻሻሉ ቁጥር አውቶሜትድ ሙከራ ይሮጥባቸዋል፤ ሙከራው ደግሞ ስም፣ ስልክ፣ የትውልድ ቀንና የገንዘብ መጠን ይፈልጋል። ይህ ዳሰሳ እንዲህ ያለውን ዳታ ሙከራው በሚሮጥበት ቅጽበት ስለማመንጨት ነው። ብዙ መሣሪያ ተሠርቷል፤ የወለጋን ደንበኛ የሚመስል ዳታ የሚያመነጭ ግን እስካሁን በቂ ትኩረት አላገኘም።

በፋይል ተጽፎ የተቀመጠ ዳታ የሚያመጣውን ጣጣ ቴስተር ሁሉ ያውቀዋል። የመጀመሪያው ሩጫ ያልፋል፤ ሁለተኛው ላይ ሰርቨሩ «ይህ ስልክ ቁጥር ተመዝግቧል» ብሎ ይመልሳል። ሁለት ቴስተሮች በአንድ ጊዜ ሲያስኬዱ ዳታቸው ይጋጫል። ቦሪስ ባይዘር እ.ኤ.አ. በ1990 እንዳስተማረው፣ ተባይ መድኃኒትን እንደሚለምድ ሁሉ፣ ሳይለወጥ የሚደጋገም ሙከራም አዲስ ስህተት የማግኘት አቅሙን ያጣል። ሌላው የተለመደ አቋራጭ የእውነተኛ ደንበኞችን ዳታ ለሙከራ መገልበጥ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህ ልማድ የሕግ ጥያቄ ያስነሳል። ከሕጉ በፊትም ነውር ነበር፤ ደንበኛው ስሙንና ስልኩን የሰጠው ሂሳብ ለመክፈት እንጂ ለዴቨሎፐር መለማመጃ አይደለም።

በጣም የተለመደው መሣሪያ ፌከር ነው። በፐርል የተጀመረው ሐሳብ ወደ ሩቢ፣ ፒኤችፒ፣ ፓይተንና ጃቫስክሪፕት ተዛምቷል፤ ፖስትማን ውስጥ ያሉት የዘፈቀደ ስምና ኢሜይል ሰጪ ተለዋዋጮችም የተሠሩት በዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ የጃቫስክሪፕቱ ፌከር ባለቤት ማራክ ስኳየርስ፣ ትልልቅ ኩባንያዎች በነፃ ሥራው ይጠቀማሉ በሚል ቅሬታ ኮዱን አጠፋው። ማኅበረሰቡ ተረክቦ ሥራውን ቢያስቀጥልም፣ ክስተቱ በዓለም ዙሪያ ስንቱ ሙከራ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ እንደቆመ አሳይቷል። ለእኛ የሚቀርበው ችግር ግን ሌላ ነው። የፓይተኑ ፌከር ምንም ካልተነገረው የአሜሪካ ስምና አድራሻ ይሰጣል። በዚህ ዳታ ያለፈ ሙከራ፣ ሥርዓቱ ለነቀምቴ ደንበኛ ይሠራል ለማለት አያበቃም።

ሁለተኛው ዓይነት መሣሪያ የኤፒአዩን የኦፕንኤፒአይ ሰነድ አንብቦ ጥያቄ ያዘጋጃል፤ ስኬማቴሲስ እና የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች የሠሩት ሬስትለር የዚህ ወገን ናቸው። ሦስተኛው ፈዚንግ፣ ማለትም የተዘበራረቀ ግብዓት እየላኩ መፈተን ነው። የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲው ባርተን ሚለር እ.ኤ.አ. በ1988 በማዕበል ሌሊት፣ በስልክ መስመሩ ላይ የገባ የተዘበራረቀ ፊደል ፕሮግራሞችን ሲጥል አይቶ ነው የጀመረው። እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው ጥናት፣ ከተሞከሩት የዩኒክስ ፕሮግራሞች ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆኑት በእንዲህ ዓይነት ግብዓት ወድቀዋል። ሁለቱም ጠቃሚ ናቸው፤ ሰርቨሩ መውደቁን ይነግሩናል። መልሱ ትክክል መሆኑን ግን ብዙም አይነግሩንም።

የእኔ ምርጫ አራተኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ኩን ክላሰንና ጆን ሂዩዝ የተባሉ የስዊድኑ ቻልመርስ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ክዊክቼክን አስተዋወቁ። በእነሱ ዘዴ ቴስተሩ ምሳሌ አይጽፍም፤ ሁልጊዜ እውነት መሆን ያለበትን ሕግ ይጽፋል። መሣሪያው መቶ ዓይነት ዳታ አመንጭቶ ሕጉን ለማፍረስ ይሞክራል። ሕጉ ከፈረሰ፣ ያፈረሰውን ዳታ እያሳነሰ ሄዶ ጥፋቱን በትንሹ የሚያሳየውን ምሳሌ ያቀርባል። የፓይተኑ ሃይፖተሲስ ይህንኑ ለብዙ ዴቨሎፐር አቅርቦታል። የዘፈቀደ ዳታ «አንዴ ይወድቃል፣ አንዴ ያልፋል» ተብሎ ይታማል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ዳታው የመነጨበትን ሲድ (የመነሻ ቁጥር) ከውጤቱ ጋር ሎግ ላይ መጻፍ። ሲዱ ካለ ያው ዳታ ነገም ይገኛል። ሲድ የማይመዘግብ የዘፈቀደ ሙከራ መሥራት ባይጀመር ይሻላል።

ሕግን መጻፍ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ መጋቢት 2016 አስተምሮናል። ከመጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ደንበኞች በሂሳባቸው ከነበረው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ባንኩ ችግሩ የመጣው ከሥርዓት ማሻሻያ እንጂ ከሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ገለጸ፤ አላግባብ የወሰዱትንም ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንዲመልሱ ጠየቀ። ክስተቱ ለባንኮች ሁሉ የሚሆን ትምህርት አለው። «የወጣው ገንዘብ ከነበረው ቀሪ ሂሳብ አይበልጥም» የሚለው አንድ መስመር ሕግ፣ ማሻሻያ ወደ ሥራ ከመግባቱ በፊት፣ በብዙ የመነጨ መጠንና ቅደም ተከተል ሊፈተን ይገባል።

አሁን ወደ ወለጋው ዳታ እንምጣ። መጀመሪያ ስም። የእኛ ሰው የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው፤ የመጠሪያና የቤተሰብ ስም ብቻ የሚያመነጭ መሣሪያ ሦስተኛውን ሳጥን ባዶ ይተወዋል። ቀጥሎ ፊደል። ኦነሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1899 ያሳተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል ነበር፤ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በላቲን ፊደል የሚጻፈው ቁቤ የሥራ ጽሕፈት ሆኗል። ስለዚህ የአንድ ሰው ስም በአንድ ሰነድ በግዕዝ ፊደል፣ በሌላው በቁቤ፣ በፓስፖርት ላይ ደግሞ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ሊገኝ ይችላል። ጫላ በቁቤ በአንድ ፊደል ይጀምራል፣ በእንግሊዝኛው በሁለት። ሁዻ የሚባለው የቁቤ ምልክት (')፣ የዳታቤዝ ትእዛዝ በጥንቃቄ ካልተጻፈ፣ ጥያቄውን መሐል ላይ ይቆርጠዋል። ዸ እና ቤተሰቦቿ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ አሉ፤ አመንጪው ግን እነሱን ካልጨመረ፣ በየፎርሙ የተጻፈው የፊደል ማጣሪያ ይቀበላቸው እንደሆነ ማንም አይፈትንም።

የርዝመቱን ነገር በምሳሌ ላሳይ። በፈጠራ «ዋቅጅራ ገመቹ ዲንቂሳ» የሚል ስም እንውሰድ። በላቲን፣ በእንግሊዝኛው አጻጻፍ 23 ባይት ነው። በግዕዝ ፊደል እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ 35 ባይት ይሆናል። በ30 ባይት የተወሰነ ሳጥን ላቲኑን ያሳልፋል፤ የግዕዙን ግን የአያቱ ስም ሦስተኛ ፊደል መሐል ላይ ይቆርጠዋል። በአሜሪካ ስሞች ሺህ ጊዜ ቢሮጥ ሙከራው ይህን ስህተት አያገኘውም።

ቀንም እንደዚያው ነው። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 እውነተኛ የትውልድ ቀን ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2016 የለም። የ2016 መስከረም 1 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ፣ የ2017ቱ ሴፕቴምበር 11 ላይ። አመንጪው እነዚህን ጠርዞች ሆን ብሎ ደጋግሞ ካልሰጠ፣ ቀን ቀያሪው ኮድ ስህተቱን ይዞ ወደ ቅርንጫፍ ይደርሳል። ስልክም አለ፤ ሳፋሪኮም ከገባ ወዲህ ከ09 ጎን 07 አለ፣ የነቀምቴ መደበኛ ስልክ ደግሞ በ057 ይጀምራል።

ከሁሉ በላይ የማተኩረው ግን መደጋገም ላይ ነው። የዳታ አመንጪዎች ዋና ኩራት በየሩጫው አዲስና ያልተደገመ ዳታ መስጠታቸው ነው። የወለጋ ኔትወርክ ግን ተቃራኒውን ይጠይቃል። በ2012 ዓ.ም. በወለጋ ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ገደማ ተቋርጦ ነበር። በአዘቦቱም ቀን መስመር ሲደክም ደንበኛው «ላክ» የሚለውን ደግሞ ይጫናል፤ ስልኩም በራሱ ይደግማል። ስለዚህ ያንኑ ክፍያ፣ በዚያው መለያ ቁጥር፣ ዘግይቶና ሁለት ሦስት ጊዜ የሚልክ ዳታ መመንጨት አለበት። ሕጉም «አንድ ክፍያ ስንቴም ቢላክ ገንዘብ የሚቀንሰው አንዴ ነው» የሚል ይሆናል። ለገበያ ነጋዴ ከዚህ የሚበልጥ ሙከራ የለም።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሙከራ ዳታ ያመነጫል የሚለው ወሬ በዝቷል። ስም ለመደርደር ይረዳል፤ ያመነጨው ዳታ ግን ሲድና ግልጽ ደንብ ከሌለው ስህተቱን ደግሞ ማሳየት ያስቸግራል። እኔ ለቅጽበታዊ ሙከራ አልመክረውም።

አንድ አደጋ ቀርቷል። በዘፈቀደ የመነጨ 09 የሚጀምር ቁጥር የእውነተኛ ሰው ሊሆን ይችላል፤ የሙከራው መልእክትም ነጆ ያለች እናት ስልክ ላይ ሊደርስ ይችላል። በመታወቂያ ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ ደንቡን ጠብቆ የመነጨ ባለ12 አሃዝ የፋይዳ ቁጥር ከአንድ ዜጋ ቁጥር ጋር ሊገጥም ይችላል። አሜሪካ ከ555-0100 እስከ 555-0199 ያለውን የስልክ ክልል ለልቦለድ ለይታለች፤ በኢንተርኔት ስሞችም ለምሳሌና ለሙከራ ብቻ የተቀመጡ አሉ።

ስለዚህ ጥያቄዬ ሦስት ነው። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ለሙከራ ብቻ የሚሆን የስልክ ቁጥር ክልል ለይቶ ለዴቨሎፐሮች በይፋ ያሳውቅ። የብሔራዊ መታወቂያ ፕሮግራሙም ለማንም የማይሰጡ የሙከራ ቁጥሮችን በግልጽ ያስቀምጥ። የወለጋ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ደግሞ በነቀምቴ፣ በጊምቢና በሻምቡ ግቢዎቻቸው የኦሮምኛና የአማርኛ ስሞችን፣ የቁቤና የግዕዝ አጻጻፎችን፣ የጳጉሜን ቀኖችን የያዘ ክፍት የዳታ አመንጪ ይሥሩ። ሥራው የመመረቂያ ፕሮጀክት ያህል ነው፤ ጥቅሙ ግን በአገሪቱ ላለ ባንክ ሁሉ ይደርሳል።