ሠዓሊዎች ያማለዷቸው ፍቅረኞች

በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የራቬና ገዢዎች ልጅ ፍራንቼስካ ለሪሚኒው ጃንቾቶ ማላቴስታ ተዳረች። ጋብቻው ሁለት ኃያላን ቤቶችን ለማስተሳሰር የተፈጸመ ነበር። የፍራንቼስካ ልብ ግን የባሏን ወንድም ፓውሎን መረጠ፤ እሱም ባለትዳር ነበር። ባልየው ደረሰባቸውና ሁለቱንም ገደላቸው።

ገጣሚው ዳንቴ «መለኮታዊ ኮሜዲ» በተሰኘው ድርሰቱ ጥንዶቹን ሲኦል አስገባቸው፤ ፋታ የማይሰጥ ዐውሎ ነፋስ እያንገላታ ያዞራቸዋል። ሆኖም ፍራንቼስካ በራሷ አንደበት እንድትናገር ፈቀደላት። የላንስሎትን የፍቅር ታሪክ አብረው ሲያነቡ እንዴት እንደተሳሳሙ ስትተርክ ፓውሎ አጠገቧ ያለቅሳል፤ ዳንቴም ከሐዘኔታ ብዛት ራሱን ስቶ ይወድቃል።

ከ500 ዓመታት በኋላ የመጡት የሮማንቲክ ዘመን ከያንያን ከፍርዱ ይልቅ ሐዘኔታውን ወረሱ። ስሜትን ከወግና ከልማድ በላይ ያከብሩ ስለነበር፣ በሞት የሚያበቃ የፍቅር ታሪክ ደጋግሞ ሳባቸው፤ ሮሚዮና ጁልየትም በዚሁ መንገድ ወደ ሸራው መጡ። እንዲህ ያለ ሥዕል ሲያጋጥምዎ በመጀመሪያ ሠዓሊው ከታሪኩ የትኛውን ቅጽበት እንደ መረጠ ይመልከቱ። ለማን እንደሚያዝን የሚታወቀው በዚያ ነው።

ፈረንሳዊው አንግር እ.ኤ.አ. በ1819 በሠራው ሥዕል ፓውሎ አንገቱን አስግጎ ፍራንቼስካን ይስማታል፤ መጽሐፉ ከእጇ እያመለጠ ነው። ከኋላቸው ጃንቾቶ ከመጋረጃው ሥር ብቅ ብሎ ሰይፉን ሊመዝ ነው። እነሱ አላዩትም፤ እኛ አይተነዋል። አንግር ብዙውን ጊዜ ከክላሲካል ሠዓሊዎች ጎራ ይመደባል፤ ይህን ታሪክ ግን በተለያዩ ጊዜያት እየተመለሰ ሥሎታል።

ሠዓሊው አሪ ሼፈር እ.ኤ.አ. በ1835 ከሞት በኋላ ያለውን መረጠ። ሁለቱ አካላት ነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎባቸው በጨለማው ውስጥ ሸራውን አቋርጠው ይንሳፈፋሉ። ፍራንቼስካ ጸጉሯ ተበትኖ ፓውሎን የሙጥኝ ብላለች፤ ዳንቴና በሲኦል የሚመራው ገጣሚ ቨርጂል ጥግ ላይ ቆመው ያያሉ። እኔ ከሁሉም ይህን አስበልጣለሁ። ሼፈር ቅጣቱን አልሸሸገም፤ ነፋሱ ግን ሊያለያያቸው አልቻለም።

እንግሊዛዊው ዊልያም ብሌክ ከሁለቱም ርቆ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ1827 ከመሞቱ በፊት ለዳንቴ ድርሰት ሥዕሎች ሲሠራ፣ ራሱን ስቶ ከወደቀው ገጣሚ በላይ እንደ ፀሐይ የሚያበራ ክብ አኖረ፤ በውስጡም ጥንዶች ተቃቅፈው ይታያሉ። በዳንቴ ግጥም ያ ሥፍራ ብርሃን የሌለበት ነው። ፀሐዩን የጨመረላቸው ብሌክ ነው።