ፓናዶሉን ያስጣለኝ ካርድ

ነሐሴ 2016 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ነው፤ ለንደን። ታናሽ እህቴ የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት፣ ሁለተኛውን ዙር ኬሞቴራፒ ከወሰደች ዘጠኝ ቀን ሆኗታል። እኔ ላስታምማት ከአዲስ አበባ ሄጃለሁ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ "እትዬ፣ በረደኝ" ብላ ቀሰቀሰችኝ። ግንባሯን ስዳስሰው ይፋጃል። ሠላሳ ሁለት ዓመት በነርስነት ያገለገልኩ ሰው ነኝና እጄ ወዲያው ወደ ቦርሳዬ ሄደ፤ ፓናዶል ላውጣላት። ብርድ ልብስ ደርቤ፣ ከቤት ይዤው የመጣሁትን ጤና አዳም ሻይ ውስጥ ጣል አድርጌ፣ እስኪነጋ ላስተኛት ነበር ሐሳቤ።

"ቆይ፣ መጀመሪያ እንለካው" አለችኝና ከትራስጌዋ አንዲት ትንሽ ካርድ አነሳች። ቴርሞሜትሩ 38.4 አሳየ። የካርዱ መልእክት አጭር ነው፦ ሙቀትሽ 38 ከደረሰ ወይም ትኩሳት ሳይኖርሽ ድንገት ከከፋሽ፣ በየትኛውም ሰዓት ደውዪ። ካርዱን የሰጠቻት ነርስ ደግሞ በቃሏ ጨምራ ነግራታለች፤ ሳትለኪ ማስታገሻ እንዳትውጪ፣ ትኩሳቱን ይሸፍንብሻል ብላ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ኬሞ ካንሰሩን ብቻ ለይቶ አይመታም፤ በመቅኒ ውስጥ የሚሠሩትን ነጭ የደም ሕዋሳትም ይቀንሳል። ቁጥራቸው በጣም የሚወርደው መድኃኒቱ ከተሰጠ በሳምንትና በሁለት ሳምንት መካከል ነው። በዚያን ጊዜ ሌላ ሰው የማያስተኛ ትንሽ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ደም መርዞ ሊገድል ይችላል። ደወልን። ሆስፒታል በደረስን በአንድ ሰዓት ውስጥ አንቲባዮቲክ በደም ሥሯ ገባ። በአምስተኛው ቀን ቤቷ ተመለሰች።

እኔ ስለ ነጭ የደም ሕዋስ ተምሬአለሁ፤ ፈተናም አልፌበታለሁ። ኬሞ የሚወስድ ሰው ግን በእጄ አስታምሜ አላውቅም። ያን ሌሊት እህቴን ያተረፋት የእኔ የዓመታት ልምድ ሳይሆን የአንዲት ነርስ ልዩ ሥልጠና ነው።

ነርሷን ያገኘኋት በማግስቱ ነው። አልጋው አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ለመሄድ የቸኮለች አትመስልም። ደረቷ ላይ አረንጓዴ ባጅ አለ፤ "ማክሚላን" ይላል። ማክሚላን የካንሰር በጎ አድራጎት ድርጅት መሆኑን እህቴ ነግራኝ ስለነበር፣ "ደመወዝሽን ድርጅቱ ነው የሚከፍልሽ?" አልኳት። ጥያቄው በእነሱ አገር ነውር ይሁን አይሁን አላወቅሁም፤ ሙያዬ ስለሆነ ግን አላስቻለኝም።

ሳቀች። ቀጣሪዋ ሆስፒታሉ ነው። የሥራ መደቡ ሲከፈት የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ዓመታት ወጪ የሸፈነው ድርጅቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመንግሥቱ የጤና አገልግሎት ተረክቦታል፤ ውሉም ሲጀመር እንደዚያ ነው። ስሙና ባጁ ግን ቀርቷል፤ ድርጅቱም ሥልጠናዋን መደገፉን ቀጥሏል። አስቡት፤ የበጎ አድራጎት ገንዘብ እንደ ዘር ይዘራል፣ ሰብሉን መንግሥት ይይዘዋል፣ የተረፈው ገንዘብ ሌላ ሆስፒታል ሄዶ ሌላ ነርስ ያበቅላል። በሥራ ዘመኔ አልጋ፣ ዊልቸር፣ የደም ግፊት መለኪያ ሲለገስ አይቻለሁ፤ ዊልቸሩ ጎማው ሲፈነዳ ኮሪደር ጥግ ቆሞ ሲቀርም አይቻለሁ። የነርስ እውቀት የለገሰን ግን አልገጠመኝም።

ድርጅቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። ዳግላስ ማክሚላን የተባለ የመንግሥት ሠራተኛ አባቱ በካንሰር ተሠቃይተው ሲሞቱ አየ። አባቱ በሰጡት 10 ፓውንድ ማኅበር አቋቋመ፤ ዓላማውም ሰው ስለ በሽታው እንዲያውቅና ሕመምተኛው እንዲረዳ ነበር። በስሙ የሚጠሩት የመጀመሪያዎቹ ነርሶች የመጡት ግን ከስድሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1975 ነው።

ስለ ምርምሩም ጠየቅኋት። ምርምር ሲባል ለእኔ ማይክሮስኮፕና ነጭ ጋውን ነው የሚታየኝ። እንዲህ ያለው የላቦራቶሪ ሥራ በእንግሊዝ በአብዛኛው የሌሎች ድርጅቶች ድርሻ ነው፤ ማክሚላን የሚያተኩረው በሽታው የያዘው ሰው እንዴት እንደሚኖር ላይ ነው። ለምሳሌ፣ በየዓመቱ ስንት ሰው እንደሚታመምና ስንት እንደሚሞት ይቆጠር ነበር፤ ታክሞ ወይም እየታከመ በሕይወት ያለው ሰው ብዛት ግን በውል አይታወቅም ነበር። ድርጅቱ ከለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ጋር ያሠራው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2008 በእንግሊዝ አገር 2 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆኑ አሳየ። ስንት ነርስ እንደሚያስፈልግ ለማወቅ መጀመሪያ ስንት ሰው እንዳለ ማወቅ ግድ ነው። በ2011 ደግሞ ጥናቶችን ሰብስቦ፣ ካንሰር የታከመ ሰው "ተኛ፣ እረፍ" መባሉ እንደሚጎዳው፣ እንደ አቅሙ መንቀሳቀስ እንደሚጠቅመው አስታወቀ። እህቴን ስንት ቀን "አርፈሽ ተኚ" እያልኩ እንደጨቀጨቅኋት እኔ ነኝ የማውቀው።

ከሁሉ የገረመኝ አንድ ቅጽ ነው። ሕመምተኛው የሚያስጨንቀውን ነገር ምልክት የሚያደርግበት ዝርዝር ነው፤ ሕመም፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ፣ ሥራ፣ ገንዘብ፣ ልጆች፣ እምነት፣ ሁሉም አለበት። እህቴ ሕመምን ዘላ ገንዘብ ላይ ምልክት አደረገች። ከእኔ ደብቃው የኖረችው የቤት ኪራይ ዕዳ ነበረባት። ነርሷ ስለ ድጎማ ከሚያማክር ባለሙያ ጋር አገናኘቻት። እኔ ጠዋት ማታ "የት ያምሻል?" ስላት ነበር የከረምኩት።

ለንደን ተቀምጬ አንዲት ሴት ትዝ አለችኝ። በወጣትነቴ የሠራሁበት ሆስፒታል ከአዲስ አበባ ይርቃል። ጡቷ ቆስሎ፣ በነጠላ ሸፍናው መጣች። በዚያን ጊዜ "ካንሰር" የሚለውን ቃል በሽተኛ ፊት አንጠራም፤ "ክፉ ቁስል" እንላለን። ሐኪሙ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ጻፈላት። ወረቀቱን ስሰጣት፣ "እህቴ፣ እዚያ ስሄድ ምን ያደርጉኛል?" አለችኝ። የማውቀው ነገር ስላልነበረ "ሐኪሞቹ ይነግሩሻል" አልኳት። ወረቀቱን አጣጥፋ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው። ሄዳ ይሁን፣ ወደ ቀዬዋ ተመልሳ ይሁን አላውቅም። ያልታወቀ ነገር ያስፈራል፤ የሚያስረዳት ሰው ብታገኝ ምናልባት ትሄድ ነበር።

በእኛም አገር መሠረቱ የለም ማለቴ አይደለም። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. በ2004 የተቋቋመው በደም ካንሰር ልጃቸውን ባጡ ወላጆች ነው፤ ከክፍለ ሀገር ለሕክምና የሚመጡ ሰዎችን ያስጠልላል። የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባም ከ2011 ጀምሮ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እየተካሄደ ነው። ባለሀብቶቻችንና ማኅበሮቻችን ግን ስንለግስ ፎቶ የሚነሳ ነገር እንወዳለን። የአንዲት ነርስ የሁለት ዓመት የካንሰር ትምህርት፣ የአንድ መዝጋቢ ደመወዝ ሪባን አይቆረጥለትም።

ማክሚላን ገንዘብ ከሚሰበስብባቸው ዝግጅቶች ትልቁ ምን እንደሆነ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፤ ቡና ነው። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ በሴፕቴምበር ወር መጨረሻ ዓርብ ሰው በየቤቱና በየቢሮው ቡና ያፈላል፤ ጠጪው ሳንቲም ይጥላል። ያን ዓመት ቀኑ መስከረም 17፣ ከመስቀል ጋር ገጠመ። እህቴ "ታዲያ ቡና ማፍላት ለእኛ ነው የሚነገረን?" ብላ ጎረቤቶቿንና የቤተ ክርስቲያን ሰዎችን ጠራች። ጉንፋን ያለበት እንዳይመጣ አስቀድመን ነገርን፤ መስኮቱን ከፈትን። ፀጉሯ አልቆ ነበር፤ ራሷን በነጠላ ሸፍና ተቀመጠች። እንግሊዞቹ ቅቤና እንቁላል ያለበት ኬክ ይዘው መጡ፤ ዓርብ ስለሆነ እኛ በዓይናችን ብቻ ቀመስነው። እነሱ ግን ቆሎውን ጨረሱት።

አቦሉ ተጠጥቶ ጣሳው ሲዞር አንድ የሰፈሯ ሽማግሌ፣ "ልጄ፣ ይኼ ለመድኃኒትሽ ነው?" አሏት።

"የእኔን መድኃኒት መንግሥት ይከፍላል፣ አባባ። ይኼ ለነርሶች ነው፤ እንዲማሩ።"

"ለነርስ ትምህርት!" አሉ፣ ወደ እኔ ዞረው። "አንቺንስ ማን አዋጥቶ አስተማረሽ?"

እየሳቅሁ ቶናውን ልቀዳ ተነሣሁ። ሽማግሌው አምስት ፓውንድ አጣጥፈው ጣሳው ውስጥ ሲከቱ በጎን አየኋቸው።