የምንተነፍሰውን አየር ማን ይለካልናል?

ምግብ ሲበላሽ ይሸታል፤ ውኃ ሲደፈርስ በዓይን ይታያል፤ የመድኃኒት ጊዜ ሲያልፍም በእሽጉ ላይ የተጻፈው ቀን ይነግረናል። አየር ግን ቢበከልም ብዙውን ጊዜ ምንም ምልክት ሳያሳይ ወደ ሳንባችን ይገባል። ይህን ልተንፍስ ያንን ልተው ብሎ መምረጥም አይቻልም። ስለዚህ አየሩን ለክቶ ውጤቱን የሚነግረን አካል ያስፈልጋል። በዛሬው ጽሑፋችን ይህ ሥራ በእንግሊዝ አገር፣ ከእኛ ክፍለ ከተማ ጋር በሚቀራረቡት የአካባቢ ምክር ቤቶች እንዴት እንደሚከናወን፣ እኛስ ከዚህ ምን እንደምንማር እንመለከታለን። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአንዲት ልጅ ሞት ያስነሳው ጥያቄ

ኤላ አዱ ኪሲ ዴብራ በደቡብ ምሥራቅ ለንደን፣ ሉዊሻም በተባለው አካባቢ፣ ሳውዝ ሰርኩላር ከተሰኘው መኪና የሚበዛበት መንገድ አጠገብ ትኖር ነበር። ከባድ አስም ስለነበረባት በሦስት ዓመት ውስጥ ከ25 ጊዜ በላይ ሆስፒታል ገብታለች። በየካቲት 2013 በ9 ዓመቷ ሞተች። በ2014 የተደረገው የመጀመሪያው የሞት ምርመራ ስለ አየር ብክለት ያነሳው ነገር አልነበረም። እናቷ ግን ጥያቄዋን አላቆመችም። ፕሮፌሰር ስቲቨን ሆልጌት የተባሉ የአስም ሊቅ ከቤቷ 1 ማይል ያህል ርቆ ካትፎርድ ላይ የተተከለው መለኪያ የመዘገበውን ከሕመሟ ታሪክ ጋር አመሳከሩ። ምርመራው እንደገና ተከፍቶ፣ በታኅሣሥ 2020 መርማሪው የአየር ብክለት ለሞቷ አስተዋጽኦ ማድረጉን ወሰኑ። በእንግሊዝ አገር የአየር ብክለት በሞት ምክንያትነት ሲመዘገብ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ልብ በሉ፤ ቁጥሩ ነበረ፤ መሣሪያውም እየለካ ነበር። ነገር ግን ብክለት አስምን እንደሚያባብስ ለእናትየው የነገራት አልነበረም። መርማሪውም ይህን ብታውቅ ኖሮ የልጇን ሞት ሊያስቀር የሚችል እርምጃ ትወስድ እንደነበር ገልጸዋል። እንግዲህ መለካት ብቻውን በቂ አይደለም፤ ውጤቱ ለሚመለከተው ሰው መድረስ አለበት።

ሕጉ ከየት መጣ?

በታኅሣሥ 1952 ለንደንን ለአምስት ቀናት የሸፈነው የከሰል ጭስና ጉም በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ገደለ። ከዚህ በኋላ በ1956 የወጣው የንጹሕ አየር ሕግ ምክር ቤቶች ጭስ የማይፈቀድባቸውን ሰፈሮች እንዲከልሉ ሥልጣን ሰጣቸው። በ1995 የወጣው የአካባቢ ሕግ ደግሞ እያንዳንዱ ምክር ቤት የአካባቢውን አየር በየጊዜው የመገምገም ግዴታ ጣለበት።

ምን ይለካል? እንዴትስ ይለካል?

በዋናነት የሚለኩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ሲሆን፣ በከተማ ውስጥ በብዛት የሚወጣው ከመኪና፣ በተለይም ከናፍጣ ሞተር ነው። የአየር ቧንቧን ያስቆጣል፤ አስምንም ያባብሳል። ሁለተኛው ደቃቅ ብናኝ ነው። ውፍረቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጥ፣ ማለትም ከፀጉር ውፍረት 30 ጊዜ ያህል የሚያንስ ስለሆነ ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ይገባል፤ የልብና የአንጎል ደም ሥሮችንም ይጎዳል።

ለጋዙ መለኪያ በጣም የተለመደው መሣሪያ ርካሽ ነው። ጣት የምታህል የፕላስቲክ ቱቦ ነች፤ በተዘጋው ጫፏ ውስጥ ጋዙን የሚይዝ ኬሚካል የተቀባ ወንፊት አለ። የምክር ቤቱ ሠራተኛ ቱቦዋን በመብራት ምሰሶ ላይ፣ ክፍት አፏን ወደ ታች አድርጎ ያስራታል። ከአራት ወይም ከአምስት ሳምንት በኋላ ወርዳ ወደ ላቦራቶሪ ትላካለች። ዋጋዋ አነስተኛ በመሆኑ በትምህርት ቤት አጥር፣ በሆስፒታል ደጅና በመኖሪያ ቤቶች አጠገብ በብዙ ቦታ ማሰር ይቻላል። ጉድለቷ ግን የወሩን አማካይ እንጂ የጠዋቱን የሁለት ሰዓት ጭስ ለይታ አትነግርም። ለዚህ በየሰዓቱ የሚመዘግብ፣ ዋጋው ውድ የሆነ አውቶማቲክ መሣሪያ በጥቂት ቦታዎች ይተከላል።

ከተለካ በኋላስ?

ሕጉ ለናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ያስቀመጠው የዓመት አማካይ ጣሪያ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 40 ማይክሮግራም ነው። ሰዎች በሚኖሩበት ቦታ ከዚህ በላይ ከተገኘ ምክር ቤቱ ያንን መንገድ ወይም ሰፈር «የአየር ጥራት አስተዳደር ክልል» ብሎ ማወጅና የማሻሻያ ዕቅድ ማውጣት አለበት። በየዓመቱም ሪፖርት ያቀርባል።

እርምጃዎቹ ልዩ ልዩ ናቸው። ልጆች በሚገቡበትና በሚወጡበት ሰዓት የትምህርት ቤቱን መንገድ ለመኪና የሚዘጉ አሉ። ቆሞ ሞተሩን የማያጠፋ ሾፌርን የሚቀጡም አሉ። በርሚንግሃም በ2021 አሮጌና ጭስ የሚያበዙ መኪኖች ወደ መሃል ከተማ ሲገቡ በቀን 8 ፓውንድ እንዲከፍሉ አድርጋለች። ብዙ ሙስሊሞች የሚኖሩባት ብራድፎርድ ደግሞ በ2022 ክፍያውን በንግድ መኪኖችና በታክሲዎች ላይ ጥላ፣ የግል መኪኖችን ነፃ አድርጋለች።

ይሁንና ሥርዓቱ እንከን አልባ አይደለም። አንዳንድ ዋና ዋና መንገዶች በምክር ቤቱ እጅ አይደሉም፤ ጭስም የወሰን መስመር አያውቅም። ከሁሉ በላይ በሕግ የተፈቀደው መጠን ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ ለዚሁ ጋዝ የመከረው 10 ማይክሮግራም፣ ለደቃቁ ብናኝ ደግሞ 5 ማይክሮግራም ብቻ ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

በአገራችን የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 (ይህኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) ወጥቷል። በአዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ ለዓመታት የደቃቅ ብናኝ ልኬት ያወጣ ነበር፤ በመጋቢት 2025 ግን አሜሪካ በኤምባሲዎቿ የምታወጣውን ልኬት ሁሉ አቋረጠች። ይህም የራስ መለኪያ መኖሩ ምን ያህል እንደሚጠቅም ያሳያል።

ለብዙ እናቶችና ሕፃናት ግን ትልቁ ጭስ ከማዕድ ቤት ይነሳል። ስለሆነም የሚከተሉትን እንድታስተውሉ እመክራለሁ፦

- በእንጨት እንጀራ ስትጋግሩ ሕፃን አዝላችሁ አትግቡ፤ በሩንና መስኮቱን ክፈቱ።
- ከሰል ውጭ ይቀጣጠል። ጭሱ ጠፍቶ ፍም ቢሆንም ሽታ የሌለውና የሚገድል ካርቦን ሞኖክሳይድ ማውጣቱን አያቆምም። ፍም ባለበት ቤት ፈጽሞ አትተኙ።
- አስም ያለበት ሰው ባለበት ክፍል እጣንና ቡኹር አታጭሱ።
- ልጃችሁን ወደ ትምህርት ቤት ስትወስዱ ከተቻለ ከዋናው መንገድ ይልቅ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ሂዱ። ተራ የአፍ መሸፈኛ ጋዝን አያስቀርም።

ወደ ፋርማሲ የሚመጡ ብዙ ወላጆች ሁለቱን የአስም መድኃኒቶች አይለዩም። ሳልቡታሞል ፓፍ የተዘጋውን ቧንቧ ለጊዜው ይከፍታል። ቤክሎሜታሶንን የመሰለው መከላከያ ግን ቁጣውን ቀስ በቀስ ስለሚያበርድ ልጁ ደህና ቢሆንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይቋረጥም። ከተወሰደ በኋላም አፍን በውኃ መጉመጥመጥ ያስፈልጋል። የሳልቡታሞሉ ፍላጎት ከወትሮው ከበዛ ሐኪም አማክሩ። ልጁ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው፣ ሲተነፍስ ጎኑ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ሳትዘገዩ ሆስፒታል አድርሱት።

በመጨረሻም በወረዳ ስብሰባ ላይ ስለ ውኃና ስለ መብራት እንደምንጠይቅ ሁሉ፣ «በልጆቻችን ትምህርት ቤት ደጅ ያለው አየር ተለክቷል ወይ? ውጤቱስ የት ይገኛል?» ብለን እንጠይቅ። የኤላ እናት ያልተነገራትን ሌሎች እናቶች በጊዜው ሊያውቁት ይገባል።