የዝናብና የወንዝ መለኪያ መሣሪያዎች ወሬ እንዲያደርሱ ስለ ማዘጋጀት

እርሻ የሚለማው በዝናብ ነው፤ የሚጠፋውም ብዙ ጊዜ በዝናብ ነው። በ1998 ዓመተ ምሕረት በሐምሌ ወር መጨረሻ፥ በሌሊት፥ በድሬዳዋ ከተማ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ። ዝናቡ የዘነበው ከከተማው በላይ ባለው ደጋ ስለ ነበረ፥ በቆላ የተኛው ሰው ወሬው ሳይደርሰው ውሃው ደረሰበት። ስለዚህ የመለኪያ መሣሪያ ጥቅሙ መለካቱ ብቻ ሳይሆን የለካውን በጊዜው ማድረሱ መሆኑን ገዥዎችና ሹማምንት፥ ባለ እርሻዎችም ሊያስተውሉት ይገባል።

ወሬ የሚገኝበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው፥ ማዕከሉ መሣሪያዎቹን ተራ በተራ እየጠየቀ የሚቀበልበት ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1979 የወጣው ሞድባስ የተባለው የመላላኪያ ሥርዓት እንዲህ ይሠራል። ሁለተኛው፥ መሣሪያው ሳይጠየቅ ራሱ የሚልክበት ነው፤ በ1999 የነዳጅ ቧንቧን በሳተላይት ለመከታተል የተፈለሰፈው ኤምኪውቲቲ ከዚህ ወገን ነው።

በመጠየቅ መንገድ ሦስት ነገር ይወሰናል፤ ይኸውም በየስንት ጊዜው እንደሚጠየቅ፥ መልሱ እስከ ስንት ሴኮንድ እንደሚጠበቅ፥ መልስ ቢታጣ ስንት ጊዜ እንደሚደገም ነው። በየ15 ደቂቃው የሚጠየቅ መሣሪያ በቀን 96 ጊዜ፥ በየሰዓቱ የሚጠየቅ 24 ጊዜ ይመልሳል፤ ጥያቄው በበዛ መጠን ባትሪው ይደክማል። ደግሞም 5 መሣሪያዎች ቢበላሹና እያንዳንዱ 10 ሴኮንድ እየተጠበቀ 3 ጊዜ ቢጠየቅ፥ 150 ሴኮንድ በከንቱ ያልፋል፤ ደኅነኞቹም በተበላሹት ምክንያት ይዘገያሉ። ስለዚህ በደኅናው ጊዜ በየሰዓቱ መጠየቅ፥ ዝናቡ ከተወሰነው ልክ ሲያልፍ ግን መሣሪያው ተራውን ሳይጠብቅ ራሱ እንዲልክ ማዘዝ ይሻላል።

በኤምኪውቲቲ ሥርዓት የማድረስ ማዕርግ ሦስት ነው። በ0 ማዕርግ መልእክቱ አንድ ጊዜ ይላካል፥ መድረሱም አይጠየቅም። በ1 ማዕርግ ላኪው ደረሰኝ ይጠብቃል፤ ደረሰኙ በመንገድ ከጠፋ ግን ያው መልእክት ሁለት ጊዜ ሊደርስ ይችላል። በ2 ማዕርግ በአራት ምልልስ አንድ ጊዜ ብቻ መድረሱ ይረጋገጣል፤ ዋጋው ግን የመስመርና የባትሪ ድካም ነው። ለየሰዓቱ የሙቀት ልክ 0 ይበቃል፤ ለጎርፍ ማስጠንቀቂያ ግን ከ1 ማነስ የለበትም። ነገር ግን 12 ሚሊሜትር ዝናብ ሁለት ጊዜ ደርሶ 24 ተብሎ እንዳይደመር፥ በየመልእክቱ የተለካበት ሰዓትና ተራ ቁጥር ይጻፍ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው ዝምታ ነው፤ ዝም ያለ መሣሪያ ዝናብ የለም አላለምና። ስለዚህ ዘወትር በመስመር ላይ የሚኖር መሣሪያ ኑዛዜ የሚባል ቃል አስቀድሞ ለማዕከሉ ይሰጣል። የመገናኛው ጊዜ 60 ሴኮንድ ተብሎ እንደ ሆነ፥ ከመሣሪያው ምንም ሳይሰማ 90 ሴኮንድ ሲያልፍ ማዕከሉ መስመሩን ቆርጦ ያንን ኑዛዜ ለሚከታተሉት ሁሉ ያሰማል። በየሰዓቱ ብቻ ለሚገናኘው ደግሞ፥ ሰዓቱ ሲያልፍ በመዝገቡ ላይ 0 ሳይሆን «አልደረሰም» ተብሎ ይጻፍ።

እንግዲህ በግዛቱ መሣሪያ የሚተከልበት ሹም ባለሙያውን እንዲህ ብሎ ይጠይቅ፤ በየስንት ጊዜው ይጠየቃል? መስመር ሲቋረጥ የለካውን አኑሮ ኋላ ይልካልን? ዝም ሲል ማን ያውቃል? ማስጠንቀቂያውስ በሌሊት ለማን ይደርሳል? ለኋለኛው ጥያቄ መልስ ካልተገኘ፥ መሣሪያው ቢተከልም ሕዝቡን ከጎርፍ አያድነውም።